የግቢ ኩሬ ዓሣ ለምን ይሞታል? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሀዋሳ ውስጥ ግቢያቸው ላይ ኩሬ ቆፍረው ወይም ገንዳ ሠርተው ቆሮሶና አምባዛ የሚያረቡ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ማታ ደህና የነበሩ ዓሦች ጠዋት ተንሳፍፈው አገኘኋቸው። ምን ገደላቸው?

አብዛኛውን ጊዜ የኦክሲጅን እጥረት ነው። ዓሣ የሚተነፍሰው ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ነው። ቀን ላይ ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርገው አልጌ በፀሐይ ብርሃን ኦክሲጅን ያመርታል። ፀሐይ ስትጠልቅ ምርቱ ይቆማል፤ ፍጆታው ግን አይቆምም። ዓሣው፣ አልጌው ራሱ፣ ከታች የሚበሰብሰው ቅጠልና የተረፈ መኖ ሁሉም ያንኑ ይሻማሉ። ሌሊቱን ሙሉ ሲቀንስ ያድርና ከንጋቱ 11 እስከ 12 ሰዓት ላይ ከሁሉም ጊዜ ዝቅ ይላል። ዓሣ የሚያልቀውም ያኔ ነው።

የሀዋሳ ከፍታም የራሱ ድርሻ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከፍታ ሲጨምር ውሃ የሚይዘው ኦክሲጅን ይቀንሳል። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ ባሕር ዳርቻ ላይ በሊትር ከ8 ሚሊ ግራም በላይ ሲይዝ እዚህ 7 እንኳ አይሞላም። ቆሮሶ ከ5 በላይ ሲሆን ይመቸዋል፣ ከ3 ሲወርድ ይጨነቃል፣ ወደ 1 ወርዶ ሲቆይ ይሞታል። ስለዚህ ገና ከመነሻው ያለን ትርፍ ትንሽ ነው። ለቆላ አገር ተብሎ የተጻፈ ምክር ላይ "ይህን ያህል ዓሣ ይበቃል" የሚል ሲያነቡ ትንሽ ቀነስ አድርገው ይውሰዱት።

በሽታ ቢሆንስ? መድኃኒት ልግዛ?

አይግዙ፤ ቢያንስ ለጊዜው። የግቢ ኩሬ ውስጥ ዓሣ ሲሞት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ውሃው ነው። በሽታ ብዙ ጊዜ የሚከተለው ውሃው ከተበላሸና ዓሣው ከተዳከመ በኋላ ነው። ከእንስሳት መድኃኒት ቤት ቴትራሳይክሊን የሚባል ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቶ ኩሬ ላይ መበተን እየተለመደ መጥቷል። ይህ በጣም ያሳስበኛል። ኦክሲጅን ላጣ ዓሣ ምንም አይፈይድለትም። ከዚያ አልፎ ዓሣው ራሱ የሚያስወጣውን መርዝ፣ አሞኒያን፣ የሚያጠፉትን ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ይጎዳል፣ ችግሩም ይብሳል።

ጠዋት ጠዋት ውሃው ላይ ወጥተው አፋቸውን ይከፍታሉ። ርቧቸው ነው?

አይደለም፤ አየር አጥሯቸው ነው። ልዩነቱ በደንብ ይታያል። የራበው ዓሣ ሰው ሲያይ ይሮጣል፣ ይሻማል፣ መኖ ሲወረወርለት ይጠልቃል። አየር ያጠረው ዓሣ ግን ሰው ሲቀርበው እንኳ ብዙም አይሸሽም። ሰውነቱን ሰያፍ አድርጎ፣ አፉን ከውሃው ወለል ጋር አስተካክሎ ቶሎ ቶሎ ይከፍታል ይዘጋል። የስንጥቡ (የመተንፈሻ አካሉ) ክዳንም በፍጥነት ይርገበገባል። ፀሐይ ወጥታ እስከ 3 ሰዓት ድረስ ወደ ታች ከተመለሱ ኦክሲጅን መሆኑ ተረጋግጧል ማለት ነው።

ይህን ያየ ሰው ዕድለኛ ነው። ገና ሳያልቁ ማስጠንቀቂያ ደርሶታል። በዚህ ሰዓት መኖ መስጠት ግን ነገሩን ያባብሰዋል። የበላ ዓሣ ምግቡን ለመፍጨት የበለጠ ኦክሲጅን ይፈልጋል።

አሁን እያጣጣሩ ነው። ምን ላድርግ?

መኖ ያቁሙ። ውሃውን ያንቀሳቅሱ። ዲናሞ ካለዎት የኩሬውን ውሃ ስበው ከአንድ ሜትር ከፍታ ላይ መልሰው ይርጩት፤ ውሃ ሲበታተንና ሲወድቅ አየር ይይዛል። ዲናሞ ከሌለ ባልዲ ይዘው እየቀዱ ከፍ አድርገው ያፍስሱ። ልጆቹንም ይጥሩ፣ ሥራው ያደክማል። ፀሐይ ጠንከር እስክትል ድረስ አያቋርጡ።

ንጹሕ ውሃ ካለ የኩሬውን ሢሶ ያህል ከታች አስወግደው ይተኩ። ሙሉ በሙሉ አይቀይሩት። የሙቀት መጠኑና ጨዋማነቱ በአንዴ ሲለወጥ የተዳከመው ዓሣ ሊቋቋመው አይችልም። የሞቱትን ወዲያው ያውጡ፤ ሲበሰብሱ የቀረውን ኦክሲጅን ይጨርሱታል።

የቧንቧ ውሃ ቀጥታ ብለቅበት ችግር አለው?

አለው። የቧንቧ ውሃ በክሎሪን የታከመ ነው። ለእኛ ጤና የሚያስፈልገው መጠን የዓሣን ስንጥብ ያቃጥላል። ኩሬው ዝቅ ሲል ከአሥር እጅ አንዱን ያህል እየረጩ መሙላት ብዙም አይጎዳም። ኩሬውን አጥቦ በጎማ ቀጥታ ሞልቶ ዓሣ መመለስ ግን በሰዓታት ውስጥ ሊጨርሳቸው ይችላል።

መፍትሔው ማቆየት ነው። ክፍት በርሜል ወይም ክዳኑ የተነሳ ሮቶ ውስጥ፣ ፀሐይና ነፋስ እያገኘው፣ ሁለት ቀን ይቆይ። ክዳኑ ጥብቅ ብሎ በተዘጋ ሮቶ ውስጥ ግን ክሎሪኑ ቶሎ አይወጣም። "ሮቶ ውስጥ ያደረ ውሃ ነው" ብለው ተማምነው ዓሣ የጨረሱ ሰዎች ነገር እዚህ ላይ ነው። ለችኮላ ሶዲየም ታዮሰልፌት የሚባል ኬሚካል ክሎሪንን ወዲያው ያጠፋል፤ የጌጥ ዓሣ የሚሸጡ ሰዎች ዘንድ ይጠይቁ። ሌላም አለ፤ ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ መጀመሪያ የሚወርደውን ድፍርስ ውሃ ወደ ኩሬው አይልቀቁት።

የጉድጓድ ውሃስ?

ክሎሪን የለውም፤ ግን ከመሬት ሲወጣ ኦክሲጅኑ በጣም ዝቅተኛ ነው። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ደግሞ የከርሰ ምድር ውሃ ብዙ ጊዜ ፒኤቹ (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያው) ከፍ ያለ ነው፤ ሞቅ ብሎ የሚወጣም አለ። ከፍ ካለ ቦታ እየተረጨ እንዲወድቅ ያድርጉ፣ አንድ ቀን ያሳድሩት፣ ፒኤቹን ይለኩ። ከ9 በታች ከሆነ ቆሮሶ ይኖርበታል።

ገንዳው አዲስ የሲሚንቶ ነው። ዓሣ በገባ በማግስቱ አለቀ። ለምን?

ትኩስ ሲሚንቶ ኖራ ይለቃል። ውሃው ጥርት ብሎ ሲታይ ሰላም ይመስላል፤ ፒኤቹ ግን ከ10 አልፎ 11 ሊደርስ ይችላል። እዚያ ውስጥ የገባ ዓሣ ቆዳውና ስንጥቡ ይቃጠላል፣ ንፍጥ የመሰለ ነገር ይለብሳል፣ ይፈራገጣል።

ገንዳውን ሞልተው አንድ ሳምንት ያቆዩት፣ ይድፉት፣ ግድግዳውን በብሩሽ ይፈግፍጉ፣ እንደገና ይሙሉ። ይህን ሦስት ወይም አራት ጊዜ ይደጋግሙ። ግድግዳውን በአቼቶ ማሸት ሥራውን ያፋጥናል፤ ከዚያ በደንብ ማለቅለቅ ነው። ፒኤች ለክቶ ከ9 በታች መሆኑን ሳያዩ አንድም ዓሣ አያስገቡ። የግንበኛው "ደርቋል" የሚለው ቃል ለዓሣ ዋስትና አይሆንም። ጂኦሜምብሬን (ውሃ የማያሳልፍ ወፍራም ፕላስቲክ) የተነጠፈበት ኩሬ ይህ ችግር የለበትም።

ጫጩቶቹን ካመጣሁ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ አለቁ። ሻጩ የታመመ ዓሣ ሸጦልኝ ይሆን?

ሊሆን ይችላል፤ ግን መንገዱን ይጠርጥሩ። ከባቱ ወይም ከሰበታ የመጣ ጫጩት በፌስታል ውስጥ ሰዓታት ቆይቷል። ውሃው በራሱ ኩስ ተበክሏል፣ ሞቋል፣ ኦክሲጅኑ አልቋል። ከመጓዙ በፊት አንድ ቀን መኖ ያልበላ፣ ኦክሲጅን ተሞልቶለት የታሸገ፣ ጎህ ሳይቀድ የተነሳ ጫጩት በደህና ይደርሳል። ቀትር ላይ በሚኒባስ ጣሪያ የመጣ አይደርስም።

ቤት ሲደርስም መቸኮል አያስፈልግም። ፌስታሉን እንደታሰረ ኩሬው ላይ ለ20 ደቂቃ ያንሳፍፉ። ከዚያ ይክፈቱትና የኩሬውን ውሃ በኩባያ በትንሽ በትንሹ ይጨምሩበት። ሌላ 20 ደቂቃ። በመጨረሻም ዓሣውን ብቻ በመረብ ያስገቡ፤ የመንገዱን ውሃ ሌላ ቦታ ይድፉት።

ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሄደው ከጀልባ ላይ በሕይወት ያለ ቆሮሶ ገዝተው በባልዲ የሚወስዱም አሉ። እነዚህ ዓሦች በመረብ የተያዙ ናቸው። መረቡ ቅርፊታቸውን ፍቋል፣ የሚከላከልላቸውን ልጋግ ገፏል። መጀመሪያ ደህና ይመስላሉ። በሦስተኛው ቀን ቁስሉ ላይ ጥጥ የመሰለ ነጭ ሻጋታ ይወጣል፣ ከዚያ ይሞታሉ። ለማርባት የሚሆን ዓሣ ከማራቢያ ማዕከል የመጣ ጫጩት ነው።

በ3 በ4 ሜትር ኩሬ ውስጥ ስንት ዓሣ ይይዛል?

አየር ማስገቢያ ፓምፕ ከሌለ በአንድ ካሬ ሜትር ሁለት፣ ቢበዛ ሦስት ዓሣ። የእርስዎ ኩሬ 12 ካሬ ነው፤ ስለዚህ ከ24 እስከ 36። ሲሰሙት ያንሳል። ጫጩት ሆነው ሲገቡ ኩሬው ባዶ ይመስላል፤ ብዙ ሰው "ቦታ እያለ" ብሎ መቶ ይጨምራል። አራተኛው ወር ላይ ሁሉም አድገው ኦክሲጅኑ ሲያጥር ያልቃሉ።

ቆሮሶ ደግሞ ይራባል። በጥቂት ወራት ውስጥ ሴቷ ዕንቁላሏን አፏ ውስጥ ይዛ ትፈለፍላለች፤ አንድ ቀን ጠርዙ ላይ የጫጩት መንጋ ያያሉ። ደስ ይላል፤ ግን የኩሬው ሕዝብ ሳይታሰብ በዛ ማለት ነው። ትልልቆቹን አውጥቶ መብላት፣ ትንንሾቹን መቀነስ ግድ ነው። ከበዙ አያድጉም፣ ውሃውንም ያበላሻሉ። በነገራችን ላይ ጉሮሮዋ አበጥ ብሎ መኖ እንቢ ያለች ቆሮሶ ካዩ አትንኳት፤ አልታመመችም፣ ልጆቿን ይዛ ነው።

አየር ማስገቢያ ፓምፕ አለኝ። መብራት በጠፋ ሌሊት ግን ያልቃሉ።

ፓምፑን ተማምነው ዓሣ አብዝተዋል ማለት ነው። መብራት እንደሚጠፋ እያወቅን ኩሬው በፓምፕ ብቻ እንዲኖር ማድረግ አይገባም። የዓሣውን ቁጥር ያለ ፓምፕ አንድ ሌሊት ሊያድር በሚችል ልክ ይያዙት። ወይም በባትሪ የሚሠራ ትንሽ ፓምፕ በመጠባበቂያነት ያስቀምጡ።

ፉርሽካና የእንጀራ ፍርፋሪ ነው የምሰጣቸው። ምግቡ ሊገድላቸው ይችላል?

ምግቡ አይገድላቸውም፤ የተረፈው ነው የሚገድላቸው። ያልተበላ ፉርሽካ ወደ ታች ይሰምጣል፣ ይበሰብሳል፣ ኦክሲጅን ይጨርሳል፣ አሞኒያ ያወጣል። እንጀራ ይብሳል፤ ቶሎ ይሟሟና ውሃውን ያቦካዋል። ፉርሽካን ከኑግ ፋጉሎ ጋር ቀላቅሎ፣ በትንሽ ውሃ ለውሶ፣ ድቡልቡል አድርጎ መስጠት ይሻላል። ሳሕን ወይም ትሪ በገመድ አንጠልጥለው እሱ ላይ ቢያስቀምጡት የተረፈውን ማየትና ማውጣት ይቻላል።

መጠኑን ዓሣው ራሱ ይነግርዎታል። በ10 ደቂቃ ውስጥ የሚያልቀውን ያህል ብቻ ይስጡ። በቁጥር ለሚፈልግ፣ ያደገ ዓሣ በቀን ከክብደቱ ከመቶ 2 እስከ 3 እጅ ይበቃዋል። እያንዳንዳቸው 100 ግራም የሚመዝኑ 30 ዓሦች ካሉዎት ለቀኑ ከ60 እስከ 90 ግራም ነው፤ ጥቂት እፍኝ ማለት ነው። ፀሐይ ከሞቀች በኋላ ጠዋት 4 ሰዓት ገደማ፣ ከሰዓት ደግሞ ከ10 ሰዓት በፊት። ማታ አይስጡ። ለአልጌ ተብሎ የሚበተን የዶሮ ኩስም እንዲሁ ነው፤ ጥቂቱ ውሃውን ያለመልማል፣ ጆንያ ሙሉው ኩሬውን ይገድላል።

ውሃው አረንጓዴ ሆነ። ጥሩ ነው መጥፎ?

መጠነኛ አረንጓዴ ጥሩ ነው፤ ለቆሮሶ ምግብም ኦክሲጅንም ነው። ክንድዎን እስከ ክርንዎ ውሃው ውስጥ ይክተቱ። መዳፍዎ ደብዘዝ ብሎ ከታየ ጥሩ ነው። ገና የእጅ አንጓዎ ላይ ሳለ ከጠፋ በዝቷል። ያኔ መኖና ኩስ ያቁሙ፣ በየሁለት ሦስት ቀኑ ከአሥር እጅ አንዱን ወይም ሁለቱን ውሃ ይቀይሩ።

የሚያስፈራው አረንጓዴው ድንገት ወደ ቡናማ ወይም ወደ ግራጫ ሲለወጥ ነው። አልጌው በጅምላ ሞቷል ማለት ነው፤ በማግስቱ ሌሊት ዓሣው ሊከተል ይችላል። ሌላው ውሃው ላይ የተደፋ ቀለም የመሰለ፣ ሰማያዊ ያዘለ አረንጓዴ ግግር ነው። ይህ ማይክሮሲስቲስን የመሳሰሉ መርዝ የሚያመነጩ ዓይነቶች ሊሆኑ ይችላሉ፤ ቆቃ ሐይቅ በእነሱ ተቸግሯል። ግግሩን በወንፊት ሰብስበው ያውጡ፣ ከብትና ውሻ ከዚያ ውሃ አይጠጣ።

ክረምት ላይ ብቻ ነው የሚሞቱት። ዝናብ ምን ያደርጋቸዋል?

ሁለት ሦስት ቀን ደመና ሲሆን አልጌው ብርሃን አያገኝም፣ ኦክሲጅን አያመርትም፤ ሌሊቱ ያንን ጉድለት ይወርሳል። በዚያ ላይ ኃይለኛ ቀዝቃዛ ዝናብ ሲወርድ የላዩ ውሃ ይከብድና ወደ ታች ይሰምጣል፤ የታቹ ደግሞ ይገለበጣል። ከታች የተጠራቀመው ጥቁር ጭቃ ኦክሲጅን የለውም፣ የበሰበሰ ዕንቁላል የሚሸት ጋዝም አለው። ከዝናብ በኋላ ኩሬው እንዲህ ከሸተተ ጊዜ የለም፤ ውሃ ማንቀሳቀስ ይጀምሩ። በዓመት አንዴ በበጋ ጭቃውን ማውጣት ይህን ይከላከላል።

ከጣሪያ የሚወርድ ውሃ ኩሬው ውስጥ እንዲገባ አያድርጉ። አዲስ ቆርቆሮ ዚንክ ይለቃል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ደግሞ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ በሙሉ አጥቦ ነው የሚመጣው። ከደጅ የሚገባ ጎርፍም እንዲሁ፤ ዙሪያውን አፈር ከፍ አድርገው ይዝጉት።

ብርድም አለ፤ ግን እሱ የኅዳርና የታኅሣሥ ጣጣ ነው። ቆሮሶ ሙቀት ወዳድ ነው፤ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ ይስማማዋል። ውሃው ከ16 ሲወርድ መብላት ያቆማል፣ ወደ 11 ሲጠጋ ይሞታል። ግማሽ ሜትር ጥልቀት ያለው ኩሬ በሌሊት ብርድ ቶሎ ይቀዘቅዛል። አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ያድርጉት።

ውሃው ጥርት ያለ ነው፣ ፓምፑም ይሠራል። ግን በየቀኑ አንድ ሁለት ይሞታሉ።

አሞኒያን ይጠርጥሩ። ዓሣ አሞኒያን በስንጥቡ ያስወጣል፤ የተረፈ መኖም ይጨምራል። በዓይን አይታይም። ጠቃሚ ባክቴሪያዎች ቀስ በቀስ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያ ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። አዲስ ኩሬ ግን እነዚህን ባክቴሪያዎች ለማፍራት ሳምንታት ይፈልጋል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ዓሣ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው።

ነገሩ የሚወሳሰበው ፒኤች ሲገባበት ነው። አሞኒያ ሁሉ እኩል አይመርዝም። 25 ዲግሪ በሆነ ውሃ ፒኤቹ 7 ከሆነ መርዛማው ክፍል ከመቶ አንድ እጅ አይሞላም። 8 ሲሆን 5 እጅ ገደማ ነው። 9 ሲደርስ ከሢሶው ያልፋል። አረንጓዴ ኩሬ ውስጥ ደግሞ ፒኤች ከቀትር በኋላ ይወጣል፤ አልጌው ካርቦን ዳይኦክሳይዱን ስለሚጨርሰው። ጠዋት ለክቶ "ደህና ነው" ያለ ሰው 9 ሰዓት ላይ ቢለካ ሌላ ውጤት ያያል። የስምጥ ሸለቆ ውሃችን ከመነሻውም ፒኤቹ ከፍ ያለ ስለሆነ ይህ ለኛ ትልቅ ጉዳይ ነው። ኦክሲጅንን ጠዋት፣ ፒኤችንና አሞኒያን ከሰዓት ይለኩ።

የሞተውን ዓሣ የስንጥብ ክዳን ገልጠው ይመልከቱ። ደህና ስንጥብ ደማቅ ቀይ ነው። የቸኮሌት ዓይነት ቡናማ ከሆነ ናይትራይት ደሙን አበላሽቶታል፤ ደሙ ኦክሲጅን መሸከም አልቻለም። ለዚህኛው ጨው ይረዳል። ለ1,000 ሊትር ውሃ ግማሽ ኪሎ ገደማ በባልዲ አሟሙተው ቀስ ብለው ይጨምሩ። መኖ ይቀንሱ፣ ሢሶውን ውሃ ይቀይሩ። ይህን ግን በቅርቡ በሞተ ዓሣ ላይ ብቻ ነው የሚያዩት፤ ፀሐይ ላይ የዋለ ሬሳ ስንጥቡ ይገረጣል፣ ምንም አይናገርም።

መርዝ ቢሆንስ? ጎረቤት ጓሮውን ሲረጭ ነበር።

በጣም ይቻላል። ዴልታሜትሪንና ላምዳ ሳይሃሎትሪን የመሳሰሉት ፀረ ተባዮች ለሰው መጠነኛ ሆነው ለዓሣ እጅግ አደገኛ ናቸው። ነፋስ ያመጣው ጥቂት ጠብታ ትንሽ ኩሬ ይጨርሳል። ቲማቲምና ጎመን የተረጨበት መርጫ የታጠበበት ውሃ፣ ለበግና ለውሻ መዥገር የተደረገ መድኃኒት፣ ቤት ውስጥ ለትንኝ ወይም ለትኋን የተረጨ፣ የልብስ እጥበት ውሃ ሁሉም ይቆጠራሉ። የተመረዘ ዓሣ ይሽከረከራል፣ ይዘላል፣ ሚዛኑን ስቶ በጎኑ ይዋኛል። ሰዓት አይመርጥም፤ በጠራራ ፀሐይም ይሞታል። ጎረቤትን በክስ ሳይሆን በጥያቄ ይቅረቡት፤ ምን እንደረጨ ማወቅ ከጠቡ ይጠቅምዎታል። ሲረጭ ቀድሞ እንዲነግርዎት ይስማሙ፤ በዚያ ሰዓት ኩሬውን በሸራ ይሸፍኑት።

ግቢ ውስጥ ብርብራ ካለ ደግሞ ያስቡበት። የብርብራን ፍሬ ወቅጦ ውሃ ላይ በትኖ ዓሣ ማደንዘዝ በአገራችን የቆየ የአጠማመድ ዘዴ ነው፤ ፍሬው ሮቴኖን የሚባል ለዓሣ መርዝ የሆነ ነገር አለው። ዛፉ ጥላው መልካም ነው፣ መቁረጥ አያስፈልግም። ግን ቅርንጫፉ ኩሬው ላይ አያንዣብብ፣ የወደቀውን ፍሬም ሳይፈርስ ይልቀሙት።

ታዲያ በሽታ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በሽታ ቀስ ይላል። ዛሬ አንድ፣ ነገ ሁለት፣ ከነገ ወዲያ አንድ። ዓሣው ላይ ምልክት ይታያል፦ ቁስል፣ የተበላ ክንፍ፣ ያበጠ ሆድ፣ የወጣ ዓይን፣ ነጭ ሻጋታ፣ ግድግዳ ላይ ራሱን ማከክ። ስንጥቡ ሥር ወይም ሥጋው ውስጥ ቢጫ ትል ቢያገኙ አይደንግጡ፤ ጥገኛ ትል ነው፣ ከቀንድ አውጣና ከውሃ ወፍ ጋር የተያያዘ ሕይወት አለው። ጥቂት ከሆነ ዓሣውን አይገድልም። የታመመውን ለብቻ ያውጡ፣ ውሃውን ያስተካክሉ። ብዙ ጊዜ እሱ ይበቃል።

ሬሳ የለም፤ ቁጥራቸው ግን ይቀንሳል።

ተበልተዋል። ሐይቁ ቅርብ ስለሆነ ወፉ ብዙ ነው፤ ዓሣ አጥማጁ ወፍ ጫጩት ይለቅማል፣ አባ ኮዳም ጥልቀት በሌለው ኩሬ ጠርዝ ቆሞ ይጠብቃል። ድመትም አለ። አምባዛ ከቆሮሶ ጋር ካለ እሱም ይበላቸዋል። መረብ ይዘርጉበት፤ ጠርዙም ቁልቁል ይሁን እንጂ የሚቆምበት ደረጃ አይኑረው።

የሞተውን ዓሣ መብላት ይቻላል?

አይቻልም። ምን እንደገደለው እስካላወቁ ድረስ ለሰውም ለውሻም አይስጡ። ለዶሮም ቢሆን። ራቅ አድርገው ጠለቅ ብሎ መቅበር ነው።

ቆሮሶዎቹ በሙሉ ሞተው አምባዛዎቹ ተረፉ። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ይህ ከሁሉ የተሻለ ፍንጭ ነው። አምባዛ ከስንጥቡ ሌላ ከላይ አየር መተንፈሻ አካል አለው፤ ኦክሲጅን ባለቀበት ጭቃ ውስጥም ይኖራል። እሱ ተርፎ ቆሮሶ ካለቀ ገዳዩ የኦክሲጅን እጥረት ነው ብሎ መደምደም ይቻላል። ትልልቆቹ ቆሮሶዎች ቀድመው ከሞቱና ትንንሾቹ ከተረፉም እንዲሁ፤ አየር ሲያጥር ትልቁ ነው ቶሎ የሚወድቀው።

አምባዛውም ቆሮሶውም ካለቀ ቀና ብለው ዙሪያውን ይመልከቱ። እንቁራሪቱ፣ የእንቁራሪት ጫጩቶቹ፣ ውሃ ላይ የሚሮጡት ነፍሳት አሉ? እነሱም ከሞቱ መርዝ ነው። ነፍሳቱ ብቻ አልቀው ዓሣው እየተንቀጠቀጠ ካለም ፀረ ተባይ ነው። እንቁራሪቱ እየጮኸ ዓሣው ብቻ ከሞተ ግን ወደ አሞኒያና ክሎሪን ይመለሱ፤ መጨረሻ ውሃ የጨመሩበትን ቀን ያስታውሱ።

ሁሉንም አይቼ አልገባኝም። የት ልሂድ፣ ምን ይዤ?

ሀዋሳ ዩኒቨርሲቲ የዓሣና የውሃ ሕይወት ሳይንስ የሚያስተምር ክፍል አለው። ሰበታ ደግሞ ብሔራዊ የምርምር ማዕከል አለ። ባዶ እጅ መሄድ ግን ብዙም አይረዳም። አንድ ቀን ያደረ ሬሳ ይዞ መሄድም እንዲሁ።

ገና እያጣጣረ ያለ ዓሣ በኩሬው ውሃ ውስጥ ይውሰዱ። ካልሆነ አሁን የሞተውን በበረዶ ላይ አድርገው፤ ፍሪዘር ውስጥ አያግግሩት። ውሃውን በታጠበ ሃይላንድ ከውሃው ወለል በታች አጥልቀው፣ አየር ሳይቀር እስከ አፉ ሞልተው እዚያው ይክደኑት። ከሁሉም በላይ ወረቀት ላይ ይጻፉ፦ ስንት ሰዓት ላይ ሞቱ፣ ትልልቆቹ ወይስ ትንንሾቹ፣ መጨረሻ ምን በሉ፣ መቼ ውሃ ተጨመረ፣ ሰማዩ ምን ይመስል ነበር፣ አካባቢው ላይ ማን ምን ረጨ።

ካለቁ በኋላ መቼ እንደገና ዓሣ ላስገባ?

ምክንያቱን ካወቁ በኋላ ነው። ኦክሲጅን ከነበረ ጭቃውን አውጥተው፣ ቁጥሩን ቀንሰው በሁለት ሳምንት መጀመር ይቻላል። መርዝ ከነበረ ውሃውን በሙሉ ይድፉ፤ ወደ ቦይ ወይም ወደ ሐይቁ በሚወስድ መንገድ ሳይሆን ሰው የማይቀዳበት መሬት ላይ። ኩሬውን ለፀሐይ ሰጥተው ያድርቁት፣ እንደገና ይሙሉት። ያኔ አራት ወይም አምስት ርካሽ ጫጩት ብቻ ያስገቡ። አንድ ሳምንት በደህና ካደሩ፣ ጠዋትም ወደ ላይ ካልወጡ፣ ሌሎቹን ያምጡ።